ሳሩ ወይን ጠጅ፣ ውኃው ቀይ! ጥፋቱ የማን ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፡፡ ኮምፒውተራችሁ ያለ ወትሮው ሲሆንባችሁ መጀመሪያ የምትቆጡት ማንን ነው? አብዛኞቻችን ማሽኑን ትተን አጠገቡ የተገኘውን ሰው ነው፡፡ የዛሬው ጨዋታችንም የሚነሣው ከዚሁ ነው፡፡

ስሙ ይቆየንና፣ እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወጣት በ2004 ዓ.ም. ከደመወዙ ቆጥቦ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒውተር ይገዛል፡፡ ታናሽ ወንድሙ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፡፡ አንድ ቅዳሜ ልጁ ከጓደኛው በተዋሰው ሲዲ ‹‹ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2››ን ይጭንና መጫወት ይጀምራል፡፡ ታላቅየው ከውጭ ሲገባ ስክሪኑን አይቶ ክው አለ፡፡ ሳሩ ወይን ጠጅ፣ ውኃው ቀይ ሆኗል!

‹‹ምን ነካክተህ ነው ያበላሸኸው?››

‹‹እማዬ ትሙት! ምንም አልነካሁም ወንድም ጋሼ፣ ሲከፈትም እንዲሁ ነው የመጣው፡፡››

ማን ሰምቶት! ልጁ ጥፊ ቀመሰ፡፡ ኮምፒውተሩም ተቆለፈበት፡፡ ሰኞ ዕለት ማሽኑ ታክሲ ላይ ተጭኖ ጥገና ቤት ሄደ፡፡ ‹‹ቪዲዮ ካርዱ ተቃጥሏል›› ተባለ፡፡ ካርዱ ተቀየረ፣ ብሩ ተከፈለ፣ ማሽኑ ቤት ተመለሰ፡፡ ጌሙ ሲከፈት ግን… ሳሩ አሁንም ወይን ጠጅ ነው!

እዚህ ላይ ቆም እንበልና ነገሩን እንየው፡፡ ስክሪን ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ስንት ቀለም ልትይዝ እንደምትችል የሚወስን ሴቲንግ አለ፡፡ በ8 ቢት 256፣ በ16 ቢት 65,536፣ በ24 ቢት ደግሞ 16.7 ሚሊዮን ያህል ቀለም ይገኛል፡፡ 32 ቢት የሚባለውም በቀለም ብዛት ከ24ቱ አይበልጥም፡፡

ታዲያ የድሮ ጌሞች ለምን በ256 ብቻ ተሠሩ? በሜሞሪ ምክንያት ነው፡፡ በ800 በ600 ስክሪን ላይ 480,000 ነጥቦች አሉ፡፡ በ8 ቢት ሲሆን አንዱ ምስል 480,000 ባይት ይይዛል፤ በ32 ቢት ግን አራት እጥፍ፣ ማለትም 1,920,000 ባይት ይፈልጋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ‹‹ስታርክራፍት››ና በ1999 የወጣው ‹‹ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2›› የተሠሩት በዚህ በ256 ቀለም ነው፡፡

አሠራሩም እንዲህ ነው፡፡ 256 ብልቃጥ ያለበት የቀለም ሣጥን አስቡ፡፡ ጌሙ ‹‹ሳሩን አረንጓዴ ቀባ›› አይልም፤ ‹‹በቁጥር 40 ቀባ›› ነው የሚለው፡፡ ቁጥር 40 ላይ አረንጓዴ እስካለ ድረስ ሰላም ነው፡፡ በነዊንዶውስ ቪስታና 7 ላይ ግን ዴስክቶፑን የሚያሠራው ኤክስፕሎረር የሚባለው ፕሮግራም መሀል ገብቶ ብልቃጦቹን ይለዋውጣቸዋል፡፡ ጌሙ እንደለመደው ‹‹40!›› ሲል የሚወጣው ወይን ጠጅ ይሆናል፡፡ ካርዱም አልተቃጠለም፤ ልጁም አልነካም!

ወደ ወንድማማቾቹ እንመለስ፡፡ አንድ የሰፈራቸው የኮምፒውተር ተማሪ መጣ፡፡ ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ‹‹ስክሪን ሬዞሉሽን›› የሚለውን ከፈተ፡፡ ምንም ሳይቀይር መስኮቱን ክፍት ትቶት ጌሙን አስነሣ፡፡ ሳሩ አረንጓዴ! አምስት ሳንቲም አላስወጣም፡፡

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ፡-

• ፎቶና ፊልም ክፈቱ፡፡ እነሱ ደህና ከታዩና አንድ የድሮ ጌም ብቻ ከተበላሸ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርዱ ሳይሆን የቀለም ሴቲንጉ ነው፡፡

• የጌሙ ምልክት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ‹‹ፕሮፐርቲስ››፣ ከዚያ ‹‹ኮምፓቲቢሊቲ››፡፡ በዊንዶውስ 7 በ256 ቀለም እንዲሠራ የሚያደርግ ሣጥን አለ፡፡ ከ8 ወዲህ ባሉት ደግሞ የተቀነሰ ቀለም የሚለውን መርጣችሁ 8 ቢት በሉት፡፡ ለሁሉም ጌም መድኃኒት ነው ባይባልም መሞከሩ አይጎዳም፡፡

• በትንሽ መስኮት የሚሠራ ጌም የዴስክቶፑን ቀለም ነው የሚከተለው፡፡ ስክሪኑን ሞልቶ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ የራሱን ይመርጣል፡፡

• ሰማዩና ጭሱ እንደ ጥለት መስመር መስመር ከሠራባችሁ፣ ጌሙ በ16 ቢት ላይ ሊሆን ስለሚችል ወደ 32 ከፍ አድርጉት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 ‹‹ኩዌክ 3››ን የሚጫወቱ ልጆች ፍጥነት ለማግኘት ወደ 16 ዝቅ ያደርጉ ነበር፡፡ በዛሬ ካርዶች ግን ዝቅ ማድረጉ ውበት ያሳጣችሁ እንደሆነ እንጂ ፍጥነት አይጨምርላችሁም፡፡

• አቅም ካለ ደግሞ የታደሱት አሉላችሁ፡፡ ‹‹ስታርክራፍት›› እ.ኤ.አ. በ2017፣ ‹‹ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2›› በ2019 ለዘመኑ ስክሪን ተሠርተው ወጥተዋል፡፡

‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› ይላሉ አበው፡፡ ያ ወጣት የካርዱን ብር መልሱልኝ ብሎ ቢሄድ ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› ተባለ፡፡ ብሩስ ይሁን፣ ደመወዝ ይተካዋል፡፡ ጥፊውስ? ታናሹን ቁጭ አድርጎ ‹‹አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ›› ለማለት አንድ ሳምንት ሙሉ አፈረ፡፡ ብሎ ሲጨርስ ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

‹‹እሺ ወንድም ጋሼ፡፡ በቃ አሁን ልጫወት?››