ስሙ የዝነኛው፣ ሰውየው ሌላ፦ ለሞክሼ የሚላክ የጨዋታ መልእክትና ወሰኑ

ጅዳ ውስጥ ለሥራ ጉዳይ አዲስ የስልክ ቁጥር የመዘገበ ኢትዮጵያዊ፣ በዋትስአፕ ላይ «ማሕሙድ አሕመድ» የሚል ስም ብቅ ሲልለት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የቁጥሩ ባለቤት ከግብፅ፣ ከሱዳን ወይም ከፓኪስታን የመጣ ሾፌር አልያም የመጋዘን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያዊው ግን በስሙ ሌላ ሰው ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ የተወለዱትን፣ ከክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጋር ዘፍነው የታወቁትንና እ.ኤ.አ. በ2007 የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት የተቀበሉትን አንጋፋ ድምፃዊ። «ጋሼ ማሕሙድ፣ የሚቀጥለው ኮንሰርት መቼ ነው?» ብሎ ለመጻፍ እጅ ያሳክካል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለላኪው ቀላል ነው። ተቀባዩ ግን ዘፋኙን አያውቅም፤ አማርኛም አይሰማም፤ መልእክቱም ከማያውቀው ቁጥር ድንገት የመጣ ነው። ቀልዱ ወዳጅነት ይፈጥር ወይም ቅሬታ ያመጣ እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ስሞቹ ለምን ይደጋገማሉ?

ማሕሙድ፣ አሕመድና ሙሐመድ የሚሉት ሦስቱም ስሞች የተገኙት ምስጋናን ከሚያመለክት አንድ የዐረብኛ ሥር ነው። በሙስሊሙ ዓለም እጅግ የተወደዱ በመሆናቸው ሁለቱን አጣምሮ የሚጠራ ሰው በየሰፈሩ አይታጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አትሌት መሐመድ አማን፣ እንዲሁም የግብፁ እግር ኳስ ተጫዋች ሙሐመድ ሳላሕ ቁጥራቸው የማይገመት ሞክሼዎች አሏቸው።

በጅዳ የሚታወቅ ሌላ ምሳሌም አለ። «አል-ዐሙዲ» መነሻው የየመን ሐድረመውት የሆነ የቤተሰብ መጠሪያ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሒጃዝ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይጠሩበታል። ስለዚህ «ሙሐመድ አል-ዐሙዲ» የሚል ስም በስልክ ላይ ያገኘ ሰው፣ በኢትዮጵያ ተወልደው በባለሀብትነት የታወቁትን ሼኽ መሐመድ ሁሴን አል-ዐሙዲን አገኘሁ ብሎ የእርዳታ ጥያቄ ቢልክ፣ ደብዳቤው የሚደርሰው ምናልባት ከእርሱ በማይሻል ደመወዝተኛ እጅ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሠራተኛ በዚህ ረገድ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። በአገሩ ልማድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። በመዝገብ ላይ ግን የአያቱ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። በዚህም ምክንያት ከአያቱ ስም የተነሣ የማያውቀው ሰው ዘመድ ወይም ሞክሼ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የሞክሼነት ወግ

በኢትዮጵያ ስመ ተመሳሳዮች «ሞክሼ» ይባባላሉ። ቃሉ ብቻውን ሰላምታ ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ለአፍታ ያቀራርባል። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ሳይቀሩ «ሞክሼ ፊደላት» ይባላሉ። ዐረቦችም ስመ ተመሳሳይን «ሰሚይ» ይሉታል።

በጉዳዩ ላይ በቁም ነገር የተመራመሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1071 ባግዳድ ውስጥ ያረፉት ሊቅ አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ፣ «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። የርእሱ ትርጉም «የሚስማማውና የሚለያየው» እንደማለት ሲሆን፣ በስም አንድ ሆነው በማንነት የተለያዩ የሐዲስ ዘጋቢዎችን ለይቶ ያሳያል። ታማኙ ዘጋቢ ከደካማው ሞክሼው ጋር ከተምታታ የተዘገበው ቃል ሚዛን ይዛባልና፣ ስምን ማጥራት እውነትን የማጥራት ያህል ተቆጥሮ ነበር።

ለዚሁ ሲባል በስም ላይ መለያ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ፋሕድ የሆነ ሰው «አቡ ፋሕድ» ይባላል። የትውልድ አገርም መለያ ይሆናል፤ ስመ ጥሩው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ መጠሪያቸውን ያገኙት አያቶቻቸው ከመጡበት ከአፍሪካ ቀንድ የጀበርት ምድር ነው። በመካ ደግሞ በሐጅ ወቅት ከመላው ዓለም የሚመጡ ስመ ተመሳሳዮች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሐጅ አድርገዋል፤ በዚያው ዓመት ለተጓዦች የተሰጠው የኑሱክ ካርድ ባለቤቱን የሚለየው በስም ብቻ ሳይሆን በሚነበብ ኮድ ጭምር ነው። በዚያ ሕዝብ መካከል «ሙሐመድ!» ብሎ መጣራት ብዙዎችን ያዞራል እንጂ የሚፈለገውን አንዱን አያመጣም።

ተቀባዩ ሲፈቅድ

በሌላው ዓለም በመልካም የተፈጸመ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር ጆን ሉዊስ የተባለ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር፣ በትዊተር ላይ ስሙን መለያው አድርጎ ቀድሞ ያዘ። ጆን ሉዊስ ግን በብሪታንያ የታወቀ የመደብሮች ድርጅት ስምም ነው። በየዓመቱ የገና በዓል ሲቃረብ የመደብሩ ደንበኞች አድናቆታቸውንና ቅሬታቸውን ለመምህሩ ይልኩ ነበር፤ እርሱም በትሕትናና በቀልድ እየመለሰ ራሱ ዝነኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ትዊተር ስለ እርሱ ማስታወቂያ ሠርቷል። ነገሩን ያሳመረው የላኪዎቹ ብልሃት ሳይሆን የተቀባዩ ፈቃድና ትዕግሥት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በየቀኑ የሚጎርፈው መልእክት ባስመረረው ነበር።

ሕግ የሚያሰምረው ወሰን

በሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመረጃ ወንጀሎች መከላከያ ሕግ፣ በመረጃ ቴክኖሎጂ አማካይነት የሰውን ስም ማጥፋትና ጉዳት ማድረስን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ፣ አልያም በሁለቱም ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የትንኮሳ መከላከያ ሕግ ደግሞ ፆታዊ አዝማሚያ ያለው ንግግር በስልክም ሆነ በሌላ ዘመናዊ መሣሪያ ቢላክ ይመለከተዋል፤ ቅጣቱም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ሪያል መቀጮ፣ አልያም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሟ ከአንዲት ዝነኛ ተዋናይት ጋር ለገጠመ የማትታወቅ ሴት ስለ ውበቷ የሚጻፍ «የአድናቂ ደብዳቤ» ላኪው እንደ ጨዋታ ቢያየውም እርሷ እንደዚያ ላታየው ትችላለች። የተቀባዩን ምላሽ፣ ፎቶ ወይም ቁጥር ለመሳቂያ በቲክቶክ ላይ ማውጣትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

መላክ ካስፈለገ ለሥራ ባልደረባ፣ ለጎረቤት ወይም በሌላ መንገድ ለሚታወቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል። መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ቀልድ መሆኑ ከመጀመሪያው ይታወቅ፤ ገንዘብም ፎቶም አይጠየቅበት። ለምሳሌ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ማሕሙድ። በአገራችን በኢትዮጵያ በእርስዎ ስም የሚጠሩ ታላቅ ድምፃዊ አሉ። እርስዎ እርሳቸው እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ስምዎን ባየሁ ጊዜ ግን አገሬ ትዝ አለኝ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» እንዲህ ያለው ቃል በዐረብኛ ቢጻፍ ተቀባዩን አያስደነግጥም። መልስ ካልመጣ ግን በዚያው መተው ይገባል።

ጨዋታው ሲያበቃ

አድናቆት ለሞክሼ ቢደርስ ያስቃል፤ የወር ደመወዝ ቢደርሰው ግን ያስለቅሳል። ስለዚህ ገንዘብ ሲላክ በስም ብቻ መተማመን አይገባም። በሳዑዲ ዐረቢያ የነዋሪ የኢቃማ ቁጥር አሥር አሃዝ ያለውና በ2 የሚጀምር ነው፤ የባንክ ሒሳብ መለያ የሆነው አይባን ደግሞ በሁለት የላቲን ፊደላት ተጀምሮ 24 ቦታ ይይዛል። ወደ ኢትዮጵያ ሲላክም የተቀባዩ ስም እስከ አያት፣ በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው ሆኖ ከሒሳብ ቁጥሩ ጋር መመሳከር አለበት። ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው ከሄደ ሳይዘገዩ ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የማይታወቅ ገንዘብ የገባለትም ሳይነካው ለባንኩ ያስታውቅ።

በሕክምና ቦታም እንዲሁ ነው። «ሙሐመድ አሕመድ» ተብሎ ሲጠራ ሁለት በሽተኞች ሊነሡ ይችላሉና መድኃኒትም ሆነ የምርመራ ውጤት ከመቀበል በፊት የመዝገብ ቁጥርንና የልደት ቀንን ማመሳከር ይበጃል። ሞክሼን በስሙ ጠርቶ ሰላም ማለት ያገር ወግ ነው፤ የእርሱን መድኃኒት ይዞ ከመሄድ የሚያድነው ግን ቁጥሩን ማየት ነው።