የጠጕር አስተካካዩ ወንበርና የደም ግፊት

ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚሸጠው ዕቃና ስለሚያገኘው ትርፍ ነው። ነገር ግን ሱቅ ከሸቀጡ በቀር ሌላ ሀብት አለው፤ ይኸውም እየተመላለሰ የሚመጣና ባለሱቁን የሚያምን ደንበኛ ነው። ይህ ሀብት በሂሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚሠሩ ጠጕር አስተካካዮች ይህንኑ መተማመን ለጤና ጥበቃ ሥራ ስላዋሉበት አኳኋንና ስለ ተገኘው ውጤት ማወቅ ለማናቸውም ባለሱቅ ጠቃሚ ነው።

የደም ግፊት ሕመም ሳያሰማ ለብዙ ዓመታት በሰው ሰውነት ውስጥ ሊኖር የሚችል በሽታ ነው። ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ሥራውን ሲሠራ ሳለ ልቡ፣ ኵላሊቱና የአንጎሉ የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ምልክት ሰውን ከአልጋ የሚጥል ወይም በድንገት የሚገድል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። መለኪያው ግን ውድ አይደለም፤ በክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መድኃኒቱም ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። እንግዲህ ችግሩ የመሣሪያ ወይም የመድኃኒት እጦት ብቻ ሳይሆን፣ ሕመም ያልተሰማው ሰው ከሐኪም ጋር የሚገናኝበት መንገድ ማጣቱ ነው።

በአሜሪካ ይህ መንገድ ለሁሉም እኩል የተከፈተ አይደለም። በደም ግፊት ምክንያት የሚሞቱት ጥቁር ወንዶች ብዛት ከነጮቹ እጅግ ይበልጣል፤ ወደ ሐኪም የመሄድ ልማዳቸውም ከጥቁር ሴቶች ያነሰ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 1932 እስከ 1972 ድረስ የአገሩ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ ግዛት በተስኪጊ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን እያከምናችሁ ነው በማለት የቂጥኝን በሽታ አካሄድ ሲመለከት ኖሯል። ከእነዚህ ውስጥ 399ኙ በሽታው የያዛቸው ነበሩ፤ ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላም እንኳ መድኃኒቱን እንዳያገኙ ተደርጓል። ነገሩ በ1972 ለሕዝብ ከተገለጠ ወዲህ አባት ለልጁ የሚነግረው ታሪክ ሆነ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ሰው የሆስፒታሉን በር በጥርጣሬ ቢያይ አያስደንቅም።

ጠጕር ቤት ግን እንደዚህ አይደለም። ባለቤቱ የሠፈር ልጅ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ እየተመለሰ ለብዙ ዓመታት ያንኑ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በምላጭ ያስነካ ነው። በዚህ ስፍራ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ኳስ ጨዋታና ስለ መንግሥት ይነገራል። ዶክተር ኤላይጃ ሳውንደርስ የተባሉት ጥቁር የልብ ሐኪም ይህንን ተመልክተው በ1970ዎቹ መጨረሻ በባልቲሞር ከተማ ጠጕር አስተካካዮችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የደም ግፊት መለካት እንዲማሩ አደረጉ። ሥራው በጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ በእርግጥ የሰውን የደም ግፊት የሚያወርድ መሆኑ በሚዛን ተመዝኖ የተረጋገጠው ብዙ ቆይቶ ነው።

ሚዛኑን የያዙት ዶክተር ሮናልድ ቪክተር ናቸው። መጀመሪያ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ አውራጃ በ17 ጠጕር ቤቶች ሙከራ አደረጉ። በአንዳንዶቹ ቤቶች አስተካካዩ ጠጕር በቆረጠ ቍጥር የደንበኛውን ግፊት ይለካል፤ ከፍ ብሎ ሲያገኘውም ወደ ሐኪም ይልከዋል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተፈረመበት ካርድ ይዞ ለሚመለሰው ጠጕሩ በነጻ ይቆረጥለት ነበር፤ ይህም የንግድ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ዘዴ ነው። በሌሎቹ ቤቶች ምክር የያዘ ወረቀት ብቻ ይታደላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም፣ ግፊታቸው በልክ የተያዘላቸው ሰዎች ብዛት አስተካካዩ በሚለካባቸው ቤቶች ከሌሎቹ 8.8 በመቶ ያህል በልጦ መጨመሩ ታወቀ። ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ነው። ሰውየው ከጠጕር ቤቱ ወጥቶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያለው መንገድ አሁንም ረጅም ነበር።

ስለዚህ ዶክተር ቪክተር ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወሩ በኋላ መንገዱን አሳጠሩት። በከተማውና በአካባቢው ጥቁሮች ባለቤት ከሆኑባቸው 52 ጠጕር ቤቶች የላይኛው ግፊታቸው 140 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ 319 ወንዶች ተመርጠው ቤቶቹ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን አስተካካዩ ደንበኛውን ይመክራል፤ ኑሮውን እንዲያስተካክልና ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንዲይዝ ያሳስበዋል። በሁለተኛው ወገን ግን በደም ግፊት ሕክምና ልዩ ትምህርት ያገኘ ፋርማሲስት ራሱ ወደ ጠጕር ቤቱ ይመጣል። ፋርማሲስቱ ከደንበኛው ሐኪም ጋር በተደረገ ስምምነት መድኃኒት ያዝዛል፤ ደም ወስዶ እዚያው ይመረምራል፤ ያደረገውንም ለሐኪሙ በጽሑፍ ያስታውቃል። አስተካካዩ መድኃኒት አይሰጥም። የእርሱ ድርሻ ሁለቱን ማገናኘትና «ይህን ሰው እመኑት» ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ብዙ ሐኪሞችን አስደንቋል። ከስድስት ወር በኋላ ፋርማሲስት በሚመጣባቸው ቤቶች የደንበኞቹ የላይኛው ግፊት በአማካይ ከ152.8 ወደ 125.8 ወረደ፤ ምክር ብቻ በተሰጠባቸው ቤቶች ደግሞ ከ154.6 ወደ 145.4 ወረደ። ግፊታቸው ከ130 በ80 በታች የሆነላቸው በመጀመሪያዎቹ ዘንድ 63.6 በመቶ ሲሆኑ በሁለተኞቹ ዘንድ 11.7 በመቶ ብቻ ናቸው። በአንድ ዓመት ጊዜ እንደገና ሲታይም ልዩነቱ እንዳለ ነበር። ዶክተር ቪክተር በዚያው በ2018 ዓረፉ፤ ሥራውን አብረዋቸው የጀመሩት ቀጠሉበት።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙ ጋዜጦች ወሬውን ሲያወሩ አስተካካዩ ሰዎቹን እንዳዳነ አድርገው ጽፈዋል። ቍጥሩ የሚለው ግን ሌላ ነው። ወዳጅነትና ምክር በሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ታላቁን ልዩነት ያመጣው መድኃኒቱ ደንበኛው ካለበት ቦታ ድረስ መምጣቱ ነው። ያለ አስተካካዩ ደግሞ ፋርማሲስቱ በሩን አልፎ ባልገባም ነበር። ባለሱቅን አሠልጥኖ መለኪያ ሰጥቶ የሚሄድ ድርጅት ሥራውን በግማሽ ትቶታል ማለት ይቻላል።

ወጪው እንዴት ነው? ፋርማሲስት ከጠጕር ቤት ወደ ጠጕር ቤት በሎስ አንጀለስ የመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ እየተመላለሰ መዋሉ ብዙ የሥራ ሰዓት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የሂሳብ ጥናት በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ የጤና ዓመት ለማትረፍ 42,717 ዶላር እንደሚያስፈልግ ገምቷል፤ በአሜሪካ አገር እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ወጪ ተገቢ ዋጋ ነው ተብሎ ይቆጠራል። በንግድ ስማቸው ከሚሸጡት ይልቅ ጄነሪክ የሚባሉት መድኃኒቶች ብቻ ቢታዘዙ ሂሳቡ ወደ 17,162 ዶላር ይወርዳል። መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ከግማሽ በላይ የሆነውን ወጪ ሊጨምር ወይም ሊያስቀር ይችላልና።

በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች እየመደበ ቤት ለቤት በመዞር ለእናቶችና ለሕፃናት ብዙ ጥቅም ሰጥቷል። ቀኑን በገበያ፣ በመጋዘንና በመኪና ላይ የሚያሳልፈውን ወንድ ግን ቤቱ ሄዶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እርሱን የሚያገኘው ጠጕር አስተካካዩ፣ ሻይ ቤቱና የጅምላ ነጋዴው ነው።

የግፊት መለኪያ የሚያስመጡና በሱቃቸው ሊያኖሩ የሚያስቡ ነጋዴዎች ስለ ዕቃው ጥቂት ማወቅ ያሻቸዋል። በክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ ይታመናል። ጨርቁ ለወፍራም ክንድ ሲጠብ ቍጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጨርቆች ማዘዝ ያስፈልጋል። መሣሪያውም በሰው ላይ ተፈትኖ ትክክለኛነቱ የተመሰከረለት መሆኑን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል። የሚለካው ሰው አምስት ደቂቃ ያህል ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን ሳያነባብር፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አሳርፎ መቀመጥ አለበት። ሰው እየተነጋገረ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጠጕር ቤት ደግሞ ጨዋታ የማይጠፋበት ቤት ስለ ሆነ፣ መለካቱ ደንበኛው ተራውን ጠብቆ ወንበሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ጥግ ጸጥ ብሎ ቢደረግ ይሻላል።