ከግማሽ በላዩ አየር የሆነ ሸቀጥ

ማርሽሜሎን በቤት ውስጥ መምታት ቀላል ነው፤ ማቆየትና መሸጥ ግን ሌላ ሒሳብ አለው

ቦሌ አካባቢ የምግብ ሸቀጥ የሚያከፋፍሉ አንድ ነጋዴ ሰሞኑን ቢሯቸው ጠርተውኝ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ‹‹አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? እስቲ ይኼ ነገር እዚህ ቢሠራ ስንት እንደሚያወጣ አስላልኝ›› አሉኝ። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ በማንኪያ ሲጨለፍ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ የማርሽሜሎ ክሬም ነው።

በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አብረን አነበብን። የበቆሎ ሽሮፕ፣ የስኳር ሽሮፕ፣ የደረቀ የእንቁላል ነጭ፣ ቫኒሊን። በቃ፣ አራት ነገር ነው። ክብደቱ 213 ግራም። ስሙ በ‹ማር› ቢጀምርም የማር ጠብታ የለበትም። ማርሽሜሎ የሚለው ስም የመጣው ጣፋጩ ቀድሞ በሥሩ ይሠራበት ከነበረ ረግረግ ላይ ከሚበቅል ተክል ነው፤ ዛሬ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ነጋዴው ጽሑፉን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ስኳርና እንቁላል ከሆነማ ምን ችግር አለ ማለታቸው ነው።

ጥያቄያቸው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል ቸኮሌትና ከረሜላ ይገኙበት ነበር። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲነሣ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው ጣፋጭ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ በአዲስ ዋጋ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ በጓዳ ሊሠራ የሚችል ነገር ሁሉ የነጋዴን ዓይን ይስባል።

መልሱን በወረቀት ብቻ ማስላት ይቻል ነበር። ነገር ግን ያልሠሩትን ማስላት የቢሮ ሰው በሽታ ነውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጄን ታጥቤ ምድጃ ፊት ቆምኩ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የሦስት እንቁላል ነጭ፣ ማለትም 100 ግራም ገደማ፣ ከአስኳሉ ይለያል። ጥቂት አስኳል ወይም የቅባት ቅሪት ከገባበት አረፋው አይነሣም፤ ስለዚህ የሚመታበት ጎድጓዳ ሣህን ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ፕላስቲክ ቅባት ስለሚይዝ ብረት ወይም መስተዋት ይመረጣል። በነጩ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ክሬም ኦፍ ታርታር ይጨመራል። ከታጣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይተካዋል፤ ዋናው አሲዱ ነው፤ አረፋውን ያጸናዋል። በሌላ ወገን 150 ግራም ስኳር፣ 240 ግራም ግሉኮስ ሽሮፕና 80 ሚሊ ሊትር ውኃ በድስት ይጣዳል። የግሉኮስ ሽሮፕ ሥራ ማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ የቀለጠው ስኳር ተመልሶ አሸዋ አሸዋ እንዳይል ይከላከላል። ለኬክ ቤቶች ዕቃ ከሚያቀርቡ ሱቆች መጠየቅ ነው። ያላገኘ ሰው በነጭ ማር ሊተካው ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ማሩ የራሱን ጣዕምና ቀለም ይዞ ስለሚመጣ የሚወጣው ነገር የአሜሪካኑ ማርሽሜሎ አይሆንም። ለእኔ ምላስ እንዲያውም ማሩ ይበልጣል፤ ይህ ግን የገበያ ጥናት አይደለም።

ሽሮፑ መፍላት ከጀመረ በኋላ አይማሰልም። ለመድረስ ሲቃረብ ነጩ በኤሌክትሪክ መምቻ ይመታል፤ ለስለስ ያለ ጫፍ ይዞ መቆም ሲጀምር የፈላው ሽሮፕ በሣህኑ ጠርዝ በኩል በቀጭኑ ይንቆረቆርበታል፤ መምቻው አይቆምም። ከዚያ በኋላ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ መምታት ነው። ክሬሙ ነጥቶ፣ ወፍሮና አንጸባርቆ ሲለጠጥ ቫኒላ ይጨመርበታል። ጠቅላላ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ልጆችን ከምድጃው ማራቅ ግን ግድ ነው፤ የፈላ ሽሮፕ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከፈላ ውኃ የባሰ ያቃጥላል።

የ116 ዲግሪ ወጥመድ

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በአሜሪካ የተጻፉ መመሪያዎች ሽሮፑ 116 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይፍላ ይላሉ። እኔም ቴርሞሜትሬን ሰክቼ፣ 116 ስትል አውርጄ፣ ነጩ ላይ አንቆረቆርኩ። ሽሮፑ ነጩን ገና ሲነካ ክር ክር ሆኖ መምቻው ላይ ተጠመጠመ፤ የቀረው ከሣህኑ ሥር ደርቆ ጥርስ የሚነቅል ከረሜላ ሆነ። ሦስት እንቁላልና የዚያን ቀን ስኳር በዚሁ ቀረ።

ጥፋቱ የቴርሞሜትሩ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስኳር ያለበት ውኃም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቦስተን ላይ 116 የሚያሳይ ሽሮፕ እዚህ 108 ላይ ያንኑ ውፍረት ይዟል። እኔ 116 እስኪደርስ ስጠብቅ በቦስተን ልኬት 124 ማድረሴ ነበር፤ ይህ ደግሞ የጠንካራ ከረሜላ መንገድ ነው። በዚሁ ስሌት ባሕር ዳር 110፣ ድሬዳዋ ደግሞ 112 ገደማ ይሆናል። ለማስታወስ የሚቀለው ዘዴ ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውኃ ነክሮ ያሳየውን ቁጥር መያዝና 16 መደመር ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከሽሮፑ ጥቂት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጠብ ያድርግ፤ በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ እንክብል ከሆነ ደርሷል።

ይህች የ8 ዲግሪ ልዩነት ለቤት አንድ ድስት ናት። ማሽን አስገብቶ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ እንዳለ ለሚከተል ባለሀብት ግን በርሜል ሙሉ ኪሣራ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ድስት፣ 108 ላይ የወረደው፣ ተሳካ። የወጣው ክብደት ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲሆን በመጠን ግን ከአንድ ሊትር አለፈ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አየር ነው። አየር ቀረጥ የለውም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ነጋዴው ይህን ብቻ ቢሰሙ ኖሮ በማግሥቱ ማሽን ያዝዙ ነበር።

ሒሳቡ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ለአንድ ኪሎ 300 ግራም ስኳር፣ 480 ግራም ግሉኮስ ሽሮፕና 6 እንቁላል ያስፈልጋል። ዋጋውን እዚህ ብጽፈው ጋዜጣው እጃችሁ ሳይገባ ስለሚለወጥ አንባቢ በየገበያው ያባዛው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛ፣ 6 አስኳል ይተርፋል። ገዢ ካልተገኘለት የእንቁላሉ ሙሉ ዋጋ በነጩ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛውና የሚብሰው የጠርሙሱ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ማር አንድ የሊትር ጠርሙስ ይበቃዋል። አንድ ኪሎ ማርሽሜሎ ግን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሲታሸግ አምስት ጠርሙስ፣ አምስት ክዳን፣ አምስት ወረቀት ይጠይቃል። ካርቶኑና የጭነት ቦታውም በዚያው ልክ ነው። አየሩ በነፃ ይገባል፤ የሚቀመጥበትና የሚጓጓዝበት ግን በገንዘብ ነው።

500 ዶላሩ ምን ገዛ?

ይህን ሒሳብ ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎች አሉ። አርቺባልድ ኩዌሪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1917 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ የቦስተን ጎረቤት በሆነችው ሶመርቪል ከተማ፣ ይህንን ክሬም በቤቱ እየሠራ ከቤት ወደ ቤት እያዞረ ይሸጥ ነበር። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ እዚያው አካባቢ በሜልሮዝ ኤማ ከርቲስ የምትባል ሴት ከወንድሟ ጋር ተመሳሳይ ክሬም ከ1913 ጀምሮ ትሸጥ ነበር። ኩዌሪን ያስቆመው ግን ተወዳዳሪ ሳይሆን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያመጣው የስኳር እጥረት ነው። ስኳር በወረፋ ሲታደል ላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ እንግዳ ወሬ አይሆንበትም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኩዌሪ እንደ ገና ከመጀመር ይልቅ ፎርሙላውን በ500 ዶላር ሸጠ። ገዢዎቹ አለን ደርኪና ፍሬድ ሞወር የተባሉ፣ ከጦርነቱ የተመለሱ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው። ሥራውን በ1920 ሲጀምሩ የነበራቸው፣ ኩባንያቸው ስለ ራሱ በሚተርከው ታሪክ መሠረት፣ አንድ በርሜል ስኳር፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሁለት ማንኪያና አንድ ያገለገለ ፎርድ መኪና ነበር። ደንበኛ አልነበራቸውም። ማታ ማታ ይመታሉ፤ ቀን ቀን በየቤቱ እየዞሩ አንዱን ጋሎን በአንድ ዶላር ይሸጣሉ። ከዚያ ወደ ግሮሰሪዎች ዞሩ፤ በ1929 ሊን በተባለች ከተማ ፋብሪካ ገቡ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ‹ፍላፈሬትስ› የተባለ የሬዲዮ ዝግጅት በገንዘባቸው ያስተላልፉ ነበር። ክሬሙን ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር በዳቦ መሐል የማድረግ ልማድ በአካባቢው ልጆች ዘንድ ከመለመዱ የተነሣ በ2006 አንድ የማሳቹሴትስ ሴናተር በትምህርት ቤት ምሳ ላይ እንዲገደብ ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላዋ የምክር ቤት አባል ደግሞ የግዛቲቱ ይፋዊ ሳንድዊች ይሁን ብላ ተነሣች። ሶመርቪልም ከዚያው ዓመት ጀምራ ለዚሁ ክሬም ፌስቲቫል ታከብር ጀመር።

እንግዲህ ኩዌሪ በ500 ዶላር የሸጠው ምስጢር ነበር ለማለት ያስቸግራል። የሜልሮዟ ሴትም ታውቀው ነበር፤ እኔም በሁለተኛው ድስት ደረስኩበት። ሁለቱ ጓደኛሞች የጨመሩበት ደንበኛውን ማግኘትና ክሬሙ ደንበኛው ዘንድ እስኪደርስ ሳይበላሽ መቆየቱን ነው።

የመቆየቱ ነገር የውኃ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው የደረቀ የእንቁላል ነጭ ስለሚጠቀም ከክሬሙ መቶ እጅ ውስጥ ውኃው 20 ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን ስኳሩ ስለሚይዘው ጀርም የሚራባበት ውኃ አያገኝም፤ ጠርሙሱም ያለ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የእኔ ድስት ግን በትኩስ እንቁላል የተሠራ በመሆኑ ውኃው በግምት ከመቶ 30 ይደርሳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ዕድሜውም አንድ ሁለት ሳምንት ነው። የፈላው ሽሮፕ ነጩን በከፊል ያበስለዋል እንጂ ጀርሙን ሁሉ ገድሏል ብሎ መማል አይቻልም፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን የታሰበ ከሆነ በሙቀት የታከመ የነጭ ዱቄት መግዛት ይገባል። የመብራት መጥፋትና መምጣትም እዚህ ላይ ወጪ ነው። አሽጎ ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን መስፈርት ማሟላት አለበት።

በአንጻሩ አንድ መልካም ጎን አለው። በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ማርሽሜሎ አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ከአሳማም ከከብትም ይሠራል። ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ገዢ ይህ ጥያቄ ያስነሣል። የሚቀባው ክሬም ግን ጄላቲን አያስፈልገውም።

የእንቁላሉ ጥያቄ ግን ይቀራል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት በዓመት 180 ቀን ገደማ ጾም ነው፤ እንቁላል ደግሞ የፍስክ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ የሚቆይ ሸቀጥ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ላይ ቢሠራ ፋሲካን አያይም። እዚህ ላይ ሽምብራ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ ቅቅል ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሠራ አሳየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች በሽምብራ ውኃ ተራቀቁበት። እኛ ሽምብራ ቀቅለን የምንደፋው ውኃ መሆኑ ነው። ወፈር እስኪል አፍልቼና አቀዝቅዤ፣ በአንድ ነጭ ፈንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሒሳብ ሞከርኩት። አረፋው ዘግይቶ ቢነሣም ተነሣ፤ ጣዕሙም ከቫኒላ በኋላ ሽምብራ ሽምብራ አይልም። በነጋታው ግን ክሬሙ ላላ ብሎ ከሥሩ ውኃ አቀረረ። ዕለቱን ለሚሸጥ ኬክ ቤት ይሆናል፤ ለጠርሙስ ገና ነው።

ነጋዴው ወረቀቱን አንብበው፣ ሁለቱንም ቀምሰው፣ የሽምብራውን በፊት ጨረሱት። ማሽኑን ለጊዜው ትተውታል። ሁለት ኬክ ቤቶች በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ኪሎ በባልዲ እንዲወስዱ እየተነጋገሩ ነው፤ ጠርሙስ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ባልዲው ይመለሳል። አስኳሉን አንደኛው ኬክ ቤት ለክሬም እወስደዋለሁ ብሏል፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን እስካሁን አልተቆረጠም።