የተማሪው ካሜራና የፓሪስ ጎዳናዎች



ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚልኩልን ፎቶግራፎች እጅግ ይመሳሰላሉ። ፓሪስ የገባው በኤፌል ማማ ፊት ቆሞ ይነሣል፤ በማግሥቱ ሉቭር፣ በሳምንቱ ኖትርዳም ይቀጥላል። እኔም የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በዚያች ከተማ ስከታተል ከቤተ መጻሕፍት የተረፈኝን ጊዜ በእግር ጉዞና በፎቶግራፍ አሳልፍ ስለ ነበር ልማዱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ የከተማ ፎቶግራፍ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያመልጠው ማስረዳት ነው። ከዚያም ተማሪ ጉብኝቱን እንዴት ወደ ዕውቀት ሊለውጠው እንደሚችል እጠቁማለሁ። የፓሪሱን ታሪክ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ለዓለም በይፋ የተገለጠው በፓሪስ በ1839 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሉዊ ዳጌር ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና ከከፍታ ላይ ሆኖ አንሥቶ ነበር። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚተላለፍበት ሆኖ ሳለ በምስሉ ላይ ባዶ መስሎ ይታያል። ሰሌዳው ምስል ለመያዝ በርካታ ደቂቃዎች ብርሃን መቀበል ስለ ነበረበት፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ አሻራ ሳይተው አልፏል። ጎልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመ ሰው ነው። እኛ ሊስትሮ የምንለው ጫማ ጠራጊም ከፊቱ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። በፎቶግራፍ ከተያዙ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ሁለቱ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ስማቸውን ግን የመዘገበ የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ባዶ የሚመስል ምስል ባዶ ከተማን እንደማያሳይ ነው። ዛሬ ስልካችን በሰከንድ ሽራፊ ያነሣል፤ የሚያልፈውን ሁሉ ለመያዝም ይችላል። ሆኖም መሣሪያው ያጠፋው የነበረውን አሁን ዓይናችን ያጠፋዋል። ጎብኚው ማማውን ሲያነሣ፣ ከማማው ሥር ጨርቅ ዘርግቶ ትንንሽ የብረት ማማዎችን የሚሸጠው ወጣት ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ይቀራል። የከተማይቱን ኑሮ ሊያጠና ለመጣ ተማሪ ግን ከማማው ይልቅ ያ ወጣት ብዙ ይነግረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የማስታወስ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንክል በ2014 በታተመ ጥናቷ ሰዎችን በአንድ ሙዚየም ውስጥ አስጎበኘች። ከዕቃዎቹ ከፊሎቹን እንዲያነሡ፣ ከፊሎቹን በዓይናቸው ብቻ እንዲመለከቱ አደረገች። በማግሥቱ ስትጠይቃቸው፣ በዓይናቸው ብቻ ካዩዋቸው ይልቅ ያነሷቸውን ዕቃዎች በሚገባ አላስታወሱም። ነገር ግን ካሜራውን ወደ አንድ የዕቃው ክፍል አቅርበው ያነሡት ተሳታፊዎች ይህ ጉዳት አልታየባቸውም። አእምሮ የማስታወሱን ሥራ ለመሣሪያው አስረክቦ እንደሚያርፍ፣ ትኩረት ሲጨመርበት ግን እንደማያርፍ ውጤቱ ያመለክታል። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ አንድን ሕንጻ ከማንሣትህ በፊት ቆመህ እየው፤ ከዚያም በሩን፣ የመስኮቱን ብረት፣ የድንጋዩን መጋጠሚያ ለይተህ አንሣ።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ፎቶግራፍ ማስረጃ መሆኑ ነው። ከ1853 እስከ 1870 የአውራጃው አስተዳዳሪ የነበረው ባሮን ኦስማን አሮጌዎቹን ጠባብ ሰፈሮች እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አስከፈተ። ሊፈርሱ የታቀዱትን መንገዶች እንዲያነሣ ሻርል ማርቪልን ያሠማራው ግን ያው የከተማው አስተዳደር ነበር። በዚህም ከ400 የሚበልጡ ፎቶግራፎች ተገኙ። ዛሬ የጥንቷን ፓሪስ የሚያጠና ተመራማሪ እነዚህን ሳያይ አያልፍም።

ከማርቪል በኋላ የመጣው ኧዤን አትዤ ሹመትም ደመወዝም አልነበረውም። ተዋናይነቱን ትቶ ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ1927 እስከ ሞተ ድረስ ከባድ ካሜራውንና የመስታወት ሰሌዳዎቹን ተሸክሞ በእግሩ ዞረ። ያነሣው ደረጃዎችን፣ የሱቅ መስኮቶችን፣ የግቢ በሮችንና የመንገድ ላይ ሻጮችን ነበር። ሥራውን ለሠዓሊዎች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየሞች እየሸጠ ይተዳደር ስለ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ምስል ቁጥር ሰጥቶ የቦታውን ስም ይጽፍ ነበር። ምስሎቹን ከተራ መታሰቢያነት ያወጣቸው ይህ ቁጥርና አድራሻ ነው። የእኛ ስልክ ቀኑንና ቦታውን በራሱ ይመዘግባል፤ ለምን እንዳነሣነው፣ በቦታው ማን እንደሚኖርና ምን እንደ ሰማን ግን አይመዘግብም። ይህን በየምሽቱ በሁለት መስመር ማስታወሻ መያዝ የተማሪው ሥራ ነው።

ይህ ምክር በፓሪስ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። መፍረሳቸው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው የሌላ ጉባኤ ርእስ ነው። የፈረሰን ሰፈር አስመልክቶ ወደፊት ለመከራከርም፣ ለማጥናትም፣ ለልጅ ለማሳየትም ግን ምስሉ ከነአድራሻው መኖር አለበት። ያ ምስል ዛሬ የሚገኘው በነዋሪዎች ስልክ ውስጥ፣ ከልደትና ከሠርግ ፎቶግራፎች ጀርባ ተበትኖ ነው። ስልኩ ሲሰበር ሰፈሩ ሁለተኛ ይፈርሳል።

ስለዚህ ወደ ውጭ የምትሄዱ ተማሪዎቼ፣ በማማው ፊት መነሣታችሁን አትተዉ፤ ወላጆቻችሁ ያችን ምስል በጉጉት ይጠብቋታል። ከእርሷ ቀጥሎ ግን አንድ ጎዳና ምረጡና በተለያየ ሰዓትና ወቅት ደጋግማችሁ አንሡት፤ ያያችሁትንም ጻፉ። በዚያ የለመዳችሁትን ሥርዓት ይዛችሁ ስትመለሱ፣ ያደጋችሁበትን ሰፈር በዚያው ሥርዓት መዝግቡ። የፓሪስን ጎዳናዎች የሚመዘግቡ ሞልተዋል፤ የእናንተን ሰፈር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ ግን አይመጣም።