ስለ ትርፍ ሰዓት ሥራና ስለ ሠራተኛው ቤት

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የቡና ወራት በደረሰ ጊዜ በየመጋዘኑ ሥራ ይበዛልና ሠራተኛው ከሰዓቱ በላይ ይቆያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ለሰዓት 20 ብር የሚያገኝ ሰው በትርፍ ሰዓት ሲሠራ በቀን 30፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 35፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 40፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ይገባዋል። ነፍሰ ጡርንም በትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

ነገር ግን ገንዘቡ የሠራተኛዪቱን ድካም እንጂ በምድጃ ዳር እናታቸውን የሚጠብቁትን ልጆች ጭንቀት አይክስም። ስለዚህ አሠሪ የሆነ ሁሉ ዋጋውን በሕጉ መጠን ይክፈል፤ የሚያመሹበትንም ቀን አስቀድሞ ያስታውቅ። ቀኑን ያወቀች እናት ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትወጣለችና።