ከማፍጠን ወደ ማብረድ፦ ኦቨርክሎክ ከ1990 እስከ ዛሬ፣ ከአርባ ምንጭ ሲታይ

ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት፣ «ኦቨርክሎክ» የሚባለው፣ ሲጀመር ኪሱ የሳሳ ሰው ዘዴ ነበር። ርካሹን ገዝቶ የውዱን ሥራ ያሠራዋል። ዛሬ ዘዴው የባለገንዘብ መዝናኛ ሆኗል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ቆላ ከተማ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገልብጦ፣ አዋቂ ገጣጣሚ ትርፉን የሚያገኘው ፍጥነት በመጨመር ሳይሆን ቮልቴጅ በመቀነስ ነው።

መነሻው 1990 ዓ.ም. ቢባል አያስወቅስም። በዚያ ዓመት ነሐሴ ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ከማዘርቦርዱ የሚመጣውን 66 ሜጋኸርትዝ በ4.5 እያባዛ 300 ሜጋኸርትዝ ይሠራል። ማባዣው ተቆልፏል፤ የማዘርቦርዱ ምት ግን አልተቆለፈም። 66ቱን ወደ 100 ከፍ ያደረገ ሰው 450 ሜጋኸርትዝ አገኘ። በ149 ዶላር ገደማ የተገዛው ዕቃ በዚያው ሰሞን ከወጣውና ዋጋው ብዙ እጥፍ ከነበረው ፔንቲየም 2 ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፋ። መሸጎጫ ማህደሩ ትንሽ ቢሆንም ከፕሮሰሰሩ እኩል ስለሚሮጥ ብዙም አልጎዳውም።  

የሚሊኒየሙ ዋዜማም ደህና ጊዜ ነበር። በ1999 የወጣው ባለ አራት ኮር ኮር 2 ኳድ ኪው6600፣ ምቱን ከ266 ወደ 333 ላሻገረለት ሰው ከ2.4 ወደ 3 ጊጋኸርትዝ ይደርስ ነበር። በማባዣ ስሌት ለሚገኝ ነጻ ትርፍ የመጨረሻው ወርቃማ ዘመን ይሄ ይመስለኛል።

ጥር 2003 ላይ በሩ ተዘጋ። ኢንቴል «ሳንዲ ብሪጅ» ባለው ትውልድ የምቱን ምንጭ ከሌላው የማዘርቦርድ ሥራ ጋር አስተሳሰረው፤ ከ100 ሜጋኸርትዝ ብዙ ፈቀቅ ካለ ሌላው ሁሉ ይናጋል። ማፍጠን የፈለገ «ኬ» የሚል ፊደል ያለበትን መግዛት ግድ ሆነበት። አይ5-2500 በ205 ዶላር፣ አይ5-2500ኬ በ216 ዶላር ተሸጠ። 11 ዶላር ለፊደል! ልዩነቱ ሲታይ ቀላል ነው፤ ወጪው ግን እዚያ አያበቃም። ርካሹ ኤች61 ማዘርቦርድ ስለማይፈቅድ ፒ67 መግዛት ያስፈልጋል፤ ከዚያም የተሻለ ማቀዝቀዣ ይከተላል። ድሃው ከጨዋታው የወጣው በፕሮሰሰሩ ዋጋ ሳይሆን በአጃቢዎቹ ዋጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተስፋ ብቅ ብሏል። በ2006 ክረምት መግቢያ ኢንቴል ፔንቲየም ጂ3258ን ሳይቆልፍ በ72 ዶላር ሸጠ፤ ሁለት ኮር ብቻ ስለነበረው ግን ቶሎ አረጀ። የካቲት 2009 ደግሞ ኤኤምዲ ራይዘንን ይዞ መጣ። ሁሉም ፕሮሰሰር ያልተቆለፈ፣ ርካሹ ቢ350 ማዘርቦርድም ማፍጠን የሚፈቅድ፣ ራይዘን 5 1600ን የመሰሉት ደግሞ ደህና ማቀዝቀዣ በካርቶናቸው ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ገንዘብ ቆጥሮ ለሚገነባ ሰው ከሴለሮኑ ወዲህ የተሻለ ቅናሽ አልመጣም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከኤ320 ማዘርቦርድ ነው፤ እሱ ማፍጠን አይፈቅድም።

አሁንስ? አምራቾቹ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሙቀቱንና የኃይል ገደቡን እየለካ እስከሚችለው እንዲሮጥ አድርገው ይሸጡታል። ራይዘን 5 5600 መነሻው 3.5 ጊጋኸርትዝ ቢሆንም ማንም ሳይነካው 4.4 ይደርሳል። ድሮ ገዢው ያገኘው የነበረውን ትርፍ ዛሬ ፋብሪካው ቀድሞ ወስዶ በዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ከመጠን ሲያልፍ ምን እንደሚመጣም ታይቷል፦ በ2016 ክረምት ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ የባዮስ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ያገለገለ የእነዚህ ትውልዶች ዕቃ በርካሽ ሲቀርብ ቀድሞ መጠራጠር ይበጃል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ አርባ ምንጭ ሰፈሮች፣ ወደ ሲቀላና ሴቻ፣ እናምጣው። የውጭ መገምገሚያዎች ፕሮሰሰር የሚፈትኑት ብዙውን ጊዜ 21 ወይም 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ነው። አንድ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት 50 ዲግሪ በላይ ላይ የሚይዘው ከሆነ፣ እዚያ 72 ይሆናል። ከሰዓት በኋላ 33 ዲግሪ በደረሰ የአርባ ምንጭ ክፍል ያው ዕቃ 83 ነው። ባሕር ማዶ «ይበቃል» የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ አይበቃም ማለት ነው። ከባሕር ጠለል 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ያለው አየርም ከባሕር ዳርቻው ይሳሳል። በዚህ ስሌት በጋሞ ዞን ኦቨርክሎክ የሚያምርበት ሰፈር ጨንቻና ዶርዜ ነው! 2,700 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ይበልጥ ቢሳሳና የፋኑን ጉልበት ቢቀንስም፣ ብርዱ ያንን ክሶ ይተርፋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፕሮሰሰር የሚያመነጨው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ። 3.6 ጊጋኸርትዝን 4 ለማድረስ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ማሳደግ ቢያስፈልግ፣ ፍጥነቱ 11 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ 40 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነቱን ሳይነኩ ከ1.20 ወደ 1.10 ቢያወርዱት ደግሞ ሙቀቱ 16 በመቶ ይቀንሳል። ቀዝቀዝ ያለ ዘመናዊ ፕሮሰሰር በራሱ ረዘም ላለ ጊዜ በከፍተኛው ፍጥነት ስለሚቆይ፣ ቆላ ላይ መቀነሱ ራሱ ማፍጠን ይሆናል። ላፕቶፕ ለያዘ ተማሪም ይሄው መንገድ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን በኅዳር 2012 መጨረሻ ይፋ በሆነ የደኅንነት ቀዳዳ ምክንያት ብዙ አምራቾች የቮልቴጅ ማስተካከያውን በባዮስ ቆልፈውታል።

ዋጋውም ሌላ ጣጣ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 120 አለፈ። በባንክ ምንዛሪ 11,500 ብር የነበረ የ200 ዶላር ዕቃ ከ24,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር። እርግጥ ትይዩ ገበያው ቀድሞም ከባንኩ በላይ ስለነበር የመደብር ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ቢሆንም በስህተት የተቃጠለ ፕሮሰሰርን መተካት እንደ ድሮው ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ እኔ ገንዘቡን የምመድበው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ። መብራት በሚዋዥቅበት አገር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለው ዓይነት ይመረጣል። የተለጠፈበትን «500 ዋት» አትመኑ፤ በ12 ቮልቱ ሐዲድ የሚሰጠውን አምፔር አንብቡ። 35 አምፔር ከሆነ 420 ዋት ነው፣ 20 ከሆነ 240 ብቻ። ዩፒኤስ ወይም ደህና ስታብላይዘር ከዚህ አይነጠልም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ምት ብዙ ማዘርቦርድ ይፈጃል። ቀጥሎ አየር በደንብ የሚያስገባ ኬዝና ትልቅ ፋን ያለው ማቀዝቀዣ። የመስታወት ፊት ያለው ኬዝ ለፎቶ ያምራል፤ ለቆላ ግን አይሆንም። ከዚያ ሁለት እኩል ራም፣ ፍጥነታቸውም ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ በርቶ። 3200 የተጻፈበት ራም ይህ ካልበራ በ2133 ወይም በ2400 ሲጎተት ይኖራል። ማንም በነጻ ሊያደርገው የሚችል ኦቨርክሎክ ይሄ ነው።

ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክን የመሳሰሉት፣ በርካሽ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ግን ማፍጠን አይፈቅዱም፣ የፓወር ሰፕላይ ሶኬታቸውም የራሳቸው ነው። ለእነሱ ኤስኤስዲና ሁለተኛ ራም ጨምሮ መተው ይሻላል። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድም መስከረም 2015 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱ ሲቆም በዓለም ገበያ ሞልቶ ነበር፤ ቀን ከሌት ሲለፋ የኖረ ሊሆን ስለሚችል ሳይፈተን አይገዛም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ተገጣጥሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት በሙሉ ጭነት ይሠራ። ከዚያም ከባዱ ማቀዝቀዣና ግራፊክስ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ወልቀው ለብቻቸው ይታሸጉ፤ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ሲናጥ የመጣ ማዘርቦርድ ሶኬቱ ተሰንጥቆ ቢገኝ የሚመልስላችሁ ሻጭ የለም።