ፖርትስማውዝ፡ በብድር የተደገሰ ዋንጫ፣ ዕዳውን የተሸከመ ደጋፊ

የአርሰናል ደጋፊ ካኑን አይረሳውም። ረጅሙ ናይጄሪያዊ ከሃይበሪ ወጥቶ የትም ቢጫወት አዲስ አበባ ዲ ኤስ ቲቪ ቤቶች ውስጥ የሚያጨበጭብለት አላጣም። እ.ኤ.አ ሜይ 17 ቀን 2008 ዌምብሌይ ላይ ዩታካ ያሻገረውን ኳስ የካርዲፉ በረኛ ሲተፋው ካኑ ቀድሞ ደርሶ አስቆጠረ። 1 ለ 0። ፖርትስማውዝ ከ69 ዓመት በኋላ የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ አነሳ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤሲ ሚላን በዩኤፋ ካፕ ፍራተን ፓርክ ድረስ መጥቶ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ በሮናልዲንሆና በኢንዛጊ ጎሎች ከስንት መከራ በኋላ 2 ለ 2 ወጣ። የወደብ ከተማዋ ሕዝብ እንዲህ ያለ ዘመን አይቶ አያውቅም።

ታዲያ ያኔ ማን ጠየቀ? ስታዲየሙ አሮጌና 20,000 ገደማ ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። ከዚህ በር በሚገኝ ገቢ ዴፎን፣ ክራውችን፣ ግሌን ጆንሰንን፣ ሙንታሪንና ላሳና ዲያራን ማኖር እንዴት ይቻላል? ሒሳቡ ለማንም የሚገባ ነበር። ግን ሰርግ ላይ ተቀምጦ የድግሱን ወጪ የሚጠይቅ እንግዳ የለም። ክለቡ የሚተነፍሰው በባለቤቱ በአሌክሳንደር ጋይዳማክ ገንዘብና በብድር ነበር። የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ጋይዳማክ እጁን ሰበሰበ፣ ክለቡንም ለገበያ አወጣ። ሙሽራው ሳይወጣ አበዳሪው በር ላይ ቆመ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጉድ ነው። በ2009/10 የውድድር ዘመን ብቻ ፖርትስማውዝ አራት ባለቤት አየ። ጋይዳማክ ለሱሌይማን አል ፋሂም ሸጠ። ማንቸስተር ሲቲ በ2008 በአቡዳቢ ሲገዛ ፊት ለፊት ወጥቶ መግለጫ ሲሰጥ የነበረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ደጋፊው ‹‹እኛም ተራችን ደረሰ›› ብሎ ጨፈረ። አል ፋሂም ግን ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። ቀጥሎ የመጣው የሳዑዲው ዓሊ አል ፋራጅ ጭራሽ ፍራተን ፓርክ ላይ አንድም ቀን አልታየም። ደጋፊዎች ‹‹አል ሚራዥ›› አሉት፤ በረሃ ላይ ውሃ መስሎ የሚያታልለው ነገር ማለት ነው። እየሳቁ የሚያለቅሱበት ቅጽል ስም! የተጫዋቾች ደሞዝ በተደጋጋሚ መዘግየት ጀመረ። የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ክለቡ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። በፌብሩዋሪ 2010 ክለቡ በብድሩ ምክንያት ባልራም ቻይንራይ የተባለ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ እጅ ገባ፤ በዚያው ወር 26ኛው ቀን በአስተዳዳሪ ሥር ወደቀ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። 9 ነጥብ ተቀነሰበት። 85 ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ።

የዕዳው ዝርዝር ይፋ ሲሆን ነው ደጋፊው አንገቱን የደፋው። ጠቅላላው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው፤ ይሄ ቁጥር ለተራ ሰው ምንም አይናገርም። የሚናገረው ትንሹ ቁጥር ነው። ሴንት ጆን አምቡላንስ የሚባለው፣ በጨዋታ ቀን ተመልካች ሲታመም ቃሬዛ ይዞ የሚሮጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት 2,700 ፓውንድ ገደማ አልተከፈለውም ነበር። የከተማዋ ትንንሽ ነጋዴዎችም ተሰልፈዋል። በእንግሊዝ እግር ኳስ ደንብ ደግሞ ተጫዋቾችና ሌሎች ክለቦች ገንዘባቸውን ሙሉ ለሙሉ ያገኛሉ፤ ሌላው አበዳሪ የተረፈውን ይካፈላል። በዚያ ዓመት በተደረሰው ስምምነት ለእነዚህ ሰዎች ቃል የተገባላቸው ከአንድ ፓውንድ 20 ፔንስ ነው። አስቡት፤ በሳምንት በአሥር ሺዎች የሚከፈለው አጥቂ ሙሉውን ይወስዳል፣ ቃሬዛ ተሸካሚው አንድ አምስተኛውን ይጠብቃል። ዋንጫውን በከፊል የከፈለው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ቡድኑ ግን እልህ ይዞት ነበር። ኤፕሪል 10 ቀን 2010 ከፕሪሚየር ሊጉ መውረዱ ተረጋገጠ። በማግስቱ ዌምብሌይ ላይ በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቶተንሃምን ገጠመ። አሰልጣኙ ማን ነው? ፖርትስማውዝን የ2008 ዋንጫ ያስበላው ሃሪ ሬድናፕ! ዴፎ፣ ክራውች፣ ክራንቻር፣ ካቡል… ለችግር ሲባል የተሸጡት ሁሉ እዚያ ናቸው። ደሞዝ የዘገየበት፣ አንድ ቀን ቀድሞ የወረደ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 0 አሸነፈ። በፍጻሜው ቦአቴንግ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ በድሮግባ ጎል ለቼልሲ ተሸነፉ፤ ደጋፊው ግን ዘፈኑን አላቆመም። ፍጻሜ መድረስ በራሱ ለዩሮፓ ሊግ ያበቃቸው ነበር፤ በገንዘብ ችግሩ ፈቃድ ስላልነበራቸው ቀረ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በ2011 ቭላዲሚር አንቶኖቭ የሚባል ሩሲያዊ የባንክ ባለሀብት መጣ፤ በኖቬምበር ከሊትዌኒያው ስኖራስ ባንክ ጋር በተያያዘ ተፈልጎ ሎንዶን ውስጥ ተያዘ። ፌብሩዋሪ 2012 ሁለተኛ ጊዜ አስተዳዳሪ፣ ሌላ 10 ነጥብ ቅነሳ። በ2013 አራተኛው ዲቪዚዮን ድረስ ወረዱ። ከዌምብሌይ እዚያ ለመድረስ አምስት ዓመት ብቻ!

እዚህ ላይ ነው ደጋፊው ባለሀብት መጠበቅ የሰለቸው። ማህበራቸው አንዱን ድርሻ 1,000 ፓውንድ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ብቻውን ያልቻለ ከጓደኛው፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባው ጋር እቁብ እንደሚጥል ሰው ተዋጥቶ ገዛ። ከ2,000 በላይ ሰው ገባበት። ከስታዲየሙ ጋር የተያያዘው ክርክር ኤፕሪል 2013 ፍርድ ቤት በስምምነት ሲያልቅ ክለቡ የደጋፊዎቹ ሆነ። በ2014 ከድሮ የተረፈውን ዕዳ ከፍለው ጨረሱ። በአራተኛው ዲቪዚዮን በየጨዋታው በአማካይ ከ15,000 በላይ ሰው ይገባ ነበር። እኛ ዘንድ አብዛኛው ክለብ የመሥሪያ ቤት ወይም የከተማ አስተዳደር በሆነበት፣ ክለብ ሲፈርስ ደጋፊው ከሬዲዮ በሚሰማበት አገር ይሄ ተረት ይመስላል።

አንድ ጥያቄ ግን እስካሁን ይኮሰኩሳል፤ ፖርትስማውዝ ብቻ ሳይሆን የማንም ክለብ ደጋፊ ሊመልሰው የሚገባ ነው። ያን ሁሉ መከራ ለማስቀረት የ2008ቱን ዋንጫ ትመልሳለህ? ‹‹አልመልስም›› የሚለው ብዙ እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔም ብሆን እንጃ። ያ መልስ ግን ቃሬዛ ተሸካሚው ፊት ቆሞ ሲነገር ይከብዳል።

በ2017 የዲዝኒ የቀድሞ አለቃ ማይክል አይዝነር ክለቡን ልግዛ ሲሉ ጉዳዩ ለባለድርሻ ደጋፊዎች ድምፅ ቀረበ። በደማችን የያዝነውን እንደገና ለባለሀብት? ክርክሩ የጦፈ ነበር፤ ሆኖም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እሺ አሉ። በዚህ ጊዜ ግን ሻጮቹ እነሱ ናቸው፤ ገዢውን ጠርተው ጠይቀው፣ መርምረው ነው የሸጡት። በቀጣዩ ዓመት የዱባይ ፍርድ ቤት አል ፋሂም ክለቡን ለመግዛት የገዛ ሚስቱን 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰርቋል ብሎ በሌለበት አምስት ዓመት ፈረደበት።

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ፖርትስማውዝ በፍራተን ፓርክ ባርንስሌይን 3 ለ 2 አሸንፎ የሊግ ዋን ሻምፒዮን ሆነ፣ ከ12 ዓመት በኋላም ወደ ቻምፒዮንሺፑ ተመለሰ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ።